ምዕራፍ ስድስት፦ ነጩ ሳህን የሚጠፋበት ጥልቀት

የእህቴ ልጅ ለእረፍት ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ የውሃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ይዞ ነበር። ስኖርክሊንግ የሚሉትን ነገር ሃዋይ ሄዶ ለምዶታል፤ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ፣ በቱቦው እየተነፈሱ፣ ከሥር ያለውን ዓለም ማየት ነው። ሃናውማ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ከዓሣ ጋር ፊት ለፊት መተያየቱን ደጋግሞ ነገረኝ። ከዚያም «አጎቴ፣ ባሕር ዳር ማለት የባሕር ዳርቻ ማለት አይደል? ታዲያ የትኛው ዳር ይሻላል? ማንጎ ፓርክ ነው፣ ዘጌ ነው ወይስ ጎርጎራ?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባ ተኮናትረን ጣና ሐይቅ ላይ ወጣን። ወሩ ኅዳር ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋስ የለም። ልጁ መነጽሩን አጥልቆ ሊዘል ሲል ጀልባ ነጂው ክንዱን ያዘው።

«ወንድሜ፣ ምን ልታይ ነው?»

«ዓሣ።»

«ዓሣውስ ሞልቷል። አንተ ግን የገዛ እጅህንም አታየውም።»

ልጁ አላመነም። ነጂው ምሳ የሚበላበትን ነጭ የብረት ሳህን አወጣ፤ ድንጋይ አስቀምጠንበት፣ በሲባጎ አስረን፣ ቀስ እያልን ወደ ውሃው ለቀቅነው። ሳህኑ መጀመሪያ ቢጫ መሰለ፣ ቀጥሎ የሻይ ቀለም ያዘ፣ ሁለት ክንድ ሳይሞላ ጠፋ።

ያን ጠዋት ያደረግነው ነገር የታወቀ የሳይንስ መለኪያ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 አንጄሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ በጳጳሱ መርከብ ላይ ሆኖ ክብ ነጭ ሰሌዳ በገመድ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር አወረደ፤ ሰሌዳው ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀትም መዘገበ። እስከ ዛሬ የሐይቅና የባሕር ተመራማሪዎች የውሃን ጥራት ሲለኩ የሴኪ ሰሌዳ ይዘው ይወጣሉ። ጣና ላይ ሰሌዳው በአብዛኛው ሁለት ሜትር ሳይደርስ ይጠፋል፤ በክረምት ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰ ጥልቀት። እኔ ራሴ በነሐሴ ወር የግልገል ዓባይ ውሃ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አካባቢ ያንኑ ሳህን ስጥለው አንድ ስንዝር ላይ ጠፍቶብኛል።

ይህን ስነግርዎ ጣናን ለማሳነስ አይደለም። ሐይቁ ምን እንደሆነ ካወቁ ዳሩን መምረጥ ቀላል ስለሚሆን ነው።

የጎንደርና የጎጃም አፈር

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውሃ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ይህን ጥልቀት ማመን ይቸግረዋል። ሐይቁን የፈጠረው የዓባይን መውጫ የዘጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ ድንጋይ ኋላ የተጠራቀመው ውሃ እንደ ሰፊ ምጣድ ሜዳውን ሸፈነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ በተነሳ ቁጥር እስከ ታች ይታመሳል፤ ከሥሩ ያለው ደቃቅ ጭቃም አብሮ ይነሳል።

በዚህ ላይ ወንዞቹ አሉ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ጉማራና ርብ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከሰሜን ይገባሉ። ሐይቁን የሚመግበው ተፋሰስ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ለዘመናት የታረሰ፣ ሣሩ የተጋጠ፣ ዛፉ የተመነጠረ ተዳፋት ነው። ሐምሌ ሲገባ የፎገራና የደምብያ ገበሬ አፈሩ ሲሄድ ያያል፤ እኛ ደግሞ ያንኑ አፈር ሐይቁ ላይ ቡናማ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ የጣና ውሃ ቀለም የደጋው ታሪክ ነው።

ቀይ ባሕርን ከዚህ ጋር ያነጻጽሩ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባበትም፤ ዝናቡም ጥቂት ነው። አፈር የሚያመጣበት ስለሌለ ውሃው ብርሃንን አሳልፎ ወደ ታች ይለቃል፤ ኮራል የሚያድገውም ለዚህ ነው። ወላጆቻችን ምጽዋ ወርደው ጉርጉሱም ላይ ሲዋኙ ያዩት፣ የዳህላክ ደሴቶችን ዝነኛ ያደረገውም ይኸው የጠራ ውሃ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ስኖርክሊንግ የሚፈልግ ሰው ቅርቡ ጅቡቲ ነው። የሙሻና የመስካሊ ደሴቶች ኮራል አላቸው፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ በዓለም ትልቁ ዓሣ የሆነው ዌል ሻርክ ይመጣል። ለእህቴ ልጅም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ መነጽርህን ለዚያ አቆየው።

የሚያሳዝነው ግን እዚህ የተሰወረው ዓሣ በዓለም ላይ አምሳያ የሌለው መሆኑ ነው። በተለምዶ ነጭ ዓሣ የምንለውና ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ ብለው የሰየሙት ወገን በጣና ውስጥ ብቻ 15 ያህል ዝርያዎች ወልዷል፤ ሌላ የትም አይገኙም። ጢስ ዓባይ ላይ ያለው ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል የሚወርድ በመሆኑ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ተለይቶ የቀረው ዓሣ እርስ በርሱ ሥራ ተከፋፈለ፤ አንዱ ሣር፣ አንዱ ቀንድ አውጣ፣ አንዱ ትል ለመብላት ተስተካክሎ ተፈጠረ። ከእነዚህ ስምንቱ ዓሣ በሊታ ናቸው። ይህ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርስ ሳይኖረው አዳኝ መሆኑ ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ያስደንቃል።

እነዚህን ማየት የፈለገ ሰው መነጽር አያስፈልገውም። ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ወደሚያራግፉበት ወደብ ይሂድ። ሥጋ የሞላው ቀረሶ፣ ጢማሙ አምባዛ፣ አፉ ወደ ላይ የዞረና አፉ ወደ ታች የዞረ ነጭ ዓሣ ጎን ለጎን ተዘርግተው ያገኛል። ልጁን ይዤው ሄድኩ፤ ሃዋይ ካየው ይልቅ የበለጠ ጥያቄ የጠየቀው እዚያ ነው።

ሳህኑ የማይለካው

አሁን ከሁሉም በላይ ማስተዋል ወደሚያስፈልገው ነገር እንምጣ። ሳህኑ ጭቃን ይለካል፤ ቢልሃርዚያን አይለካም። ላንጋኖ ከጣና ይልቅ ቡናማ ነው፤ ሆኖም ለዋና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ የታወቀው ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ነው። ጠጠሩ የሚቆጠርበት ጅረት ደግሞ የቢልሃርዚያን ትል ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። የውሃን ደህንነት በዓይን አይተው መፍረድ አይቻልም።

ጣና ላይ ይህ ትል አለ። አኗኗሩን ማወቅ ዳሩን ለመምረጥ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል በጎርፍ ወደ ውሃ ይገባል፤ ይፈለፈላል፤ ከዚያ በዳር ዳር በሣርና በደንገል መካከል ወደሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ይገባል። እዚያ ውስጥ ለሳምንታት ይራባል። ከዚያ ጅራቱ ሁለት የተሰነጠቀ፣ በዓይን የማይታይ ሆኖ በሺዎች ይወጣል። የሚወጣው በቀን ነው፤ ይበልጡንም ወደ እኩለ ቀን ገደማ። ልጆች ለዋና፣ እናቶች ለልብስ የሚወርዱት በዚያው ሰዓት ነው። የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። ሰው ሳያገኝ ከቀረ ግን ከሁለት ቀን በላይ መቆየት አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ለእረፍተኛ ግልጽ ነው። ውሃው ረግቶ የሚተኛበት፣ ሣርና ደንገል የበዛበት፣ ሰው በብዛት የሚወርድበት ጥልቀት የሌለው ዳር ከሁሉ አደገኛው ነው። ማዕበል የሚመታው ዓለታማ ዳር ቀንድ አውጣ አይወደውም። ከዳር የራቀው ጥልቅ ውሃ አደጋው ያንሳል፤ ይሁን እንጂ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ከጀልባ መዝለልም የራሱ አደጋ አለው። እኔ ጣና ውስጥ አልዋኝም፤ ለእንግዶቼም አልመክርም። መዋኘት የፈለገ ሰው የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ይያዝ። ኩሪፍቱን የመሰሉ የሐይቅ ዳር ሪዞርቶች ከሐይቁ አጠገብ ገንዳ አላቸው፤ ዓይን ጣና ላይ፣ ገላ ገንዳ ውስጥ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። በተማሪነቴ ከጓደኞቼ ጋር በየሳምንቱ ሐይቁ እንወርድ ነበር። ከወራት በኋላ ድካምና የሆድ ሕመም ጀመረኝ። አንድ ክሊኒክ አሜባ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ሐይቅ ገብተህ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እንቁላሉ የተገኘው ሌላ ቦታ ሦስተኛ ምርመራ ሳደርግ ነው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በጥቂት ክኒን በሚድን በሽታ ያን ሁሉ ወር መክሰሬ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ የገባ ሰው፣ ሕመም ቢሰማውም ባይሰማው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ይመርመር፤ ለሐኪሙም «ጣና ገብቻለሁ» ብሎ ራሱ ይንገር።

ለዚህ በሽታ ኢትዮጵያ የሰጠችውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ቆመው ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ያስተውሉ ነበር። ልብሱ የሚታጠበው በእንዶድ ነው። ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ተንሳፍፏል፤ ከማጠቢያው በላይ ግን በሕይወት አለ። አያቶቻችን ለዘመናት ሸማቸውን ያነጡበት ፍሬ የቢልሃርዚያን አስተናጋጅ እንደሚገድል ዓለም የተረዳው በዚህ ነው። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ስማቸውን ይዟል።

ታዲያ የትኛው ዳር?

ምርጫው በሦስት ነገር ይወሰናል፤ በነፋስ፣ በጥላና በደንገል።

ነፋሱን አስቀድሜ ላንሳ። በቀን ፀሐይ የብሱን ከውሃው ቶሎ ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ቀዝቃዛው የሐይቅ አየር ቦታውን ለመያዝ ወደ ዳር ይነፍሳል። ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ዳርቻ የሚቀዘቅዘው፣ ማዕበሉም የሚነሳው። ሌሊት ይህ ይገለበጣል፤ ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ጸጥ ይላል። ጀልባ ነጂዎች ረጅም መንገድ ሁሉ በጠዋት ይነሱ የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን፣ ከእሷም ብዙ የማይርቀውን ዳጋ እስጢፋኖስን የሚሳለም ሰው ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል፤ ሲመለስም ማዕበሉ ይጠብቀዋል። ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ ወይም ጀልባ የሚያዞረው ሰው ይህን ለእረፍት ብሎ አይምረጠው። ለመንፈስ የሚደረግ ጉዞ ነውና በዚያ ልብ ይሂድበት።

ከሰዓት በኋላውን ለማሳለፍ ግን ከከተማው ዳር የሚበልጥ የለም። ማንጎ ፓርክ የሁሉም ነው፤ ሙሽራው፣ ተማሪው፣ ቤተሰቡ፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ አለ። ማኪያቶ ወይም የተጠበሰ ቀረሶ አዝዞ ነፋሱን እየተቀበሉ መቀመጥ ነው። ጸጥታ ለሚፈልግ ቅዳሜና እሑድ አይሆንም፤ ልጆች ይዞ ለመጣ ግን እዚያ የሚሰለች ሰው አላየሁም። ጥላ ለሚፈልግ እንደ ግዮን ያሉት የቆዩ ሆቴሎች ግቢ ይሻላል፤ የዋርካና የሾላ ዛፎቻቸው በወፍ የተሞሉ ናቸው፤ አንድ ቡና አዝዞ ግማሽ ቀን የሚቀመጥባቸውን ሰው ማንም አያስነሳውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ለሚወድ ደግሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠው፣ እንደ ጣና ሆቴል ያለው ምሥራቃዊ ዳር ነው ቦታው። እዚያ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ወደ ውሃው ስትገባ ያየ ሰው በሚቀጥለው ቀን ሌላ ቦታ ውሰደኝ አይልም።

ጥላ በተባለ ጊዜ ግን ከዘጌ የሚወዳደር የለም። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ልሳነ ምድሩ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳማቱ ሥርዓት የተከለከለ በመሆኑ ጫካው ቆሟል፤ ከጫካው ሥር ደግሞ ቡና አለ። በዚያ ጥላ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም ወደ አዝዋ ማርያም የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ግን አንድ ሙሉ ጠዋት ይሆነዋል። የጎረቤት ወረዳዎች አፈር ወደ ሐይቁ ሲወርድ የዘጌ አፈር ከዛፉ ሥር ተይዞ ቀርቷል። የውሃ ጥራት የሚጀምረው ከየት እንደሆነ ማየት የፈለገ ሰው እዚህ ይምጣ። የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ግን ሴቶች አይገቡበትም፤ ቤተሰብ ይዘው ከሆነ ይህን አስቀድመው ይወቁ፤ ደሴቱ ፊት ለፊት ደርሶ መከፋፈል ደስታ ይቀንሳል።

ጎርጎራ ሌላ ዓለም ነው። ከጎንደር በኩል የሚመጣ ሰው በአንድ ሁለት ሰዓት ይደርሳል። የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሾችና ግድግዳዋ በሥዕል የተሸፈነው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሉ፤ ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው እዚያ ነው። «ገበታ ለሀገር» ከተባሉት ሦስት የመጀመሪያ ፕሮጀክቶች አንዱም ጎርጎራ ሆኗል። ይህ ዳር የሚሰጠው ጸጥታ ከባሕር ዳር አይገኝም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ የታየው እንቦጭ ክፉኛ የያዘው ይህንኑ የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ነፋሱ የሚያንሳፍፈው አረም ዛሬ ያልነበረበት ቦታ ነገ ይገኛል። ከመሄድዎ በፊት ስለ እንቦጩም ስለ መንገዱም ይጠይቁ፤ ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ መንገድን ሳይጠይቁ መነሳት አይገባም።

ከአዲስ አበባ በመኪና ለሚመጣ አንድ ተጨማሪ ማረፊያ ልጠቁም። ከእንጅባራ ብዙ ሳይርቅ ዘንገና አለ፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ጣና ሰፊና ጥልቀት አልባ ሲሆን ዘንገና ግን ትንሽ ሆኖ ከመቶ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዳሩ በደን ተከቧል፤ ለምሳና ለአንድ ሰዓት እረፍት ተወዳዳሪ የለውም። ዳሩ ግን ወዲያው ገደል ስለሚሆን ዋና ለማያውቅ ሰው እግር ለመንከር እንኳ አስተማማኝ አይደለም።

የመጨረሻው የደንገል ነገር ነው፤ ልቤ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ የነገደ ወይጦ ሰዎች አስረው፣ ጠምዝዘው፣ ሰውና እንጨት የሚጭን ጀልባ ያደርጉታል። ብዙ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለውና ጫጩቱን የሚያሳድገው በደንገል ሥር ነው። ከየብስ የሚመጣውን አፈርና ቆሻሻ ወደ ሐይቁ ሳይደርስ የሚያጣራውም እሱ ነው። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም እዚያው ይኖራል፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ደንገል ዳር ይቀመጣሉ እንጂ አይገቡበትም። ብዙ ቦታ ግን ደንገሉ ተመንጥሮ በምትኩ የድንጋይ አጥርና የአበባ አልጋ ገብቷል፤ እይታውን ይከልላል ተብሎ። ዳሩ ላይ ደንገል የሌለው ግቢ ከወፍም ባዶ ነው፤ ይህን በራሴ ዓይን ስለማውቅ እንግዳ ሳመጣ ደንገሉን ያልቆረጠ ግቢ ነው የምመርጠው። እርስዎም ሆቴል ሲይዙ አስተዳዳሪውን «ደንገል አላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ደንበኛ የሚጠይቀውን ነገር ባለሆቴል አይቆርጥም።

እኔ፣ አንድ እንግዳ ሁለት ቀን ብቻ ቢኖረው እንዲህ አደርጋለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት በከተማው ዳር በጥላ ሥር አሳልፈዋለሁ፤ ማታ ወደ ምዕራብ በሚያይ ግቢ እራት አበላዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ደብረ ማርያም ደሴት አጠገብ፣ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት እወስደዋለሁ። የእህቴን ልጅ የወሰድኩት እዚያ ነው። ጉማሬዎች ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን ብቻ አውጥተው ይተነፍሳሉ፤ ፔሊካኖች ተሰልፈው ያልፋሉ፤ አንድ አባት ታንኳ ላይ ቆመው መረባቸውን ይስባሉ። ልጁ መነጽሩን ከቦርሳው አላወጣም። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ከጉማሬዎቹ ርቆ ቆመ፤ ሌሊት ሣር ሲግጡ አድረው ወደ ውሃው የሚመለሱበት ሰዓት ስለሆነ ማንም ወደ እነሱ አይጠጋም።

ከዚያ በኋላ ወደ ዘጌ ነው፤ ከሰዓቱ ነፋስ በፊት ተመልሶ ለመድረስ። ከጥቅምት እስከ ጥር የሚመጡ ከሆነ ሐይቁ ሙሉ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ክረምቱ ያመጣው አፈርም እየረጋ ያገኙታል። ለጠዋቱ ጀልባ በዋዜማው ይነጋገሩ፤ ዋጋውን ሳይነሱ ይስማሙ፤ የሕይወት አድን ጃኬት እንዳለው አይተው ይሳፈሩ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ዳሩ ላይ ይገኙ።